የድቦች የበረዶ ወራት ዕረፍትና ዝውውር

ዛሬ በዓለም ላይ 8 የድብ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ ድብ በብርድ ወራት ጎሬ ገብቶ ይተኛል የሚለው የተለመደ አነጋገር ግን ለሁሉም የሚሠራ አይደለም። ወራቱን በጎሬ የሚያሳልፉት በዋናነት ቡናማው ድብ፣ የአሜሪካው ጥቁር ድብና በቀዝቃዛው የእስያ ክፍል የሚኖረው የእስያ ጥቁር ድብ ናቸው፤ ቀርከሃ የሚመገበው ፓንዳም ሆነ በሞቃታማው እስያና በአንዲስ ተራሮች የሚገኙት ዝርያዎች ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ስለማያጡ ይህን ልማድ አያውቁትም። ከሁሉም ይልቅ አስረጂ የሚሆነው የዋልታው ነጭ ድብ ነው። የአርክቲክ ውርጭና ጨለማ በሚበረታበት ጊዜ ወንዱ ነጭ ድብ በረዶ በሆነው ባሕር ላይ እየተዘዋወረ «ሲል» የተባለውን የባሕር አጥቢ እንስሳ ያድናል፤ ጎሬ የምትገባው እርጉዟ ሴት ብቻ ናት። እንግዲህ ድብን ከመሬት በታች የሚያስገባው በዋናነት ከብርዱ ጋር የሚመጣው የምግብ እጦት ሲሆን፣ በቀሪው ዓመት ወዴትና ምን ያህል እንደሚጓዝ የሚወስነውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ድቡ ያለማቋረጥ የሚበላበት ወቅት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ሊወስድ ይችላል። በአላስካ ካትማይ ብሔራዊ ፓርክ፣ በብሩክስ ወንዝ ላይ ሳልሞን ዓሣ የሚያጠምዱት ቡናማ ድቦች ዓሣው ሲበዛላቸው ሥጋውን ትተው ስብ የበዛበትን ቆዳ፣ አንጎልና ዕንቁላል ብቻ መርጠው ይበላሉ። በየሎውስቶን አካባቢ ያሉት ደግሞ በበጋ ወደ ተራሮቹ አናት ወጥተው ድንጋይ እየገለበጡ ከሥሩ የተጠለሉ የእሳት ራቶችን ይለቅማሉ፤ አንድ ድብ በቀን እስከ 40,000 የሚሆኑትን ሊበላ እንደሚችል ተገምቷል።

ጎሬው ውስጥ የሚሆነው ነገር በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ድቡ ከ5 እስከ 7 ወር ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ሳይሸናና ዓይነ ምድር ሳይወጣ ይቆያል። በአላስካ ፌርባንክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጥቁር ድቦች ላይ ያደረጉትና በ2011 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሜታቦሊዝም የሚባለው፣ ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጥበት ሂደት፣ በዕረፍት ጊዜ ከሚኖረው ወደ 25 በመቶ ሲወርድ፣ የልብ ምቱም በደቂቃ ከ55 ገደማ ወደ 14 ገደማ ይቀንሳል፤ የሰውነት ሙቀቱ ግን ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እምብዛም አይወርድም። ትናንሽ አይጥ መሰል እንስሳት በዚህ ጊዜ ሙቀታቸው ወደ 0 ዲግሪ ስለሚጠጋ በቶሎ ሊነቁ አይችሉም፤ ድብ ግን ከተነካ ነቅቶ ራሱን ይከላከላል። በሽንት መውጣት የነበረበት ዩሪያ፣ ማለትም ከፕሮቲን መፍረስ የሚመጣው ቆሻሻ፣ ተመልሶ ለአዲስ ፕሮቲን መሥሪያ ስለሚውል ጡንቻው ብዙም አይሟሽሽም፤ አጥንቱም አይሳሳም። አልጋ ላይ ለወራት የዋለ ሰው ከሚደርስበት ጉዳት ጋር ሲነጻጸር፣ ሐኪሞች ድብን በጥንቃቄ የሚያጠኑበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2023 የወጣ ጥናትም በስዊድን ዱር የሚኖሩ ድቦች በጎሬ ሳሉ ደማቸው እንዳይረጋ የሚረዳው ኤችኤስፒ47 የተባለ ፕሮቲን መቀነስ መሆኑን አመልክቷል።

እናትነትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ድቦች በአብዛኛው በግንቦትና በሰኔ ቢጣመሩም፣ ፅንሱ ጥቂት ሕዋሳት ሆኖ ለወራት በማኅፀን ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆይና ከማኅፀን ግድግዳ ጋር የሚጣበቀው በኅዳር አካባቢ ነው፤ እናቲቱ በቂ ስብ ካላከማቸች እርግዝናው አይቀጥልም። በጥር ወር የሚወለደው የጥቁር ድብ ግልገል ከግማሽ ኪሎ በታች የሚመዝን፣ ዓይኑ ያልተገለጠ ፍጡር ሲሆን፣ እናቲቱ ምንም ሳትበላ ከራሷ ስብ እየከፈለች ታጠባዋለች። ወንዶቹ በመጋቢት ከጎሬ ሲወጡ እርሷ እስከ ሚያዝያ ትቆያለች።

ዝውውርን በተመለከተ፣ ሴት ግልገሎች አድገው ከእናታቸው ግዛት አጠገብ ሲሰፍሩ ወንዶቹ ርቀው ይሄዳሉ። በ2008 በቦፎርት ባሕር አንዲት ነጭ ድብ፣ የባሕሩ በረዶ ስለሸሸባት፣ ለ9 ቀናት ሳታቋርጥ 687 ኪሎ ሜትር ዋኘች፤ በጉዞዋም ግልገሏን አጣች። በየብስ ላይ ደግሞ አንዱ ትልቅ እንቅፋት አውራ ጎዳና ነው። በካናዳ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ አገር አቋራጩ መንገድ በአጥር ተከልሎ ለዱር እንስሳት ከላይና ከታች መሻገሪያ ተሠርቶለታል፤ ግሪዝሊ የሚባሉት ቡናማ ድቦች ለመልመድ ዓመታት ቢወስድባቸውም፣ ከመሻገሪያዎቹ በተሰበሰበ ፀጉር ላይ የተደረገ የዘር ምርመራ የተሻገሩት ድቦች በማዶ መራባታቸውን አረጋግጧል።