ቡና ለሰውነት የሚሰጠውና መልሶ የሚጠይቀው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢትን አልፎ የሚገኘው የጀውሃ አገር፤ እንደ ይፋት ቆላ ሁሉ፤ ክርስቲያኑና እስላሙ ተጎራብቶ የሚኖርበት ስፍራ ነው። ጎረቤታሞቹ በሃይማኖት ቢለያዩም በአንድ ረከቦት ዙሪያ መቀመጣቸው ዛሬ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። ቀድሞ ግን በሸዋ ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በክርስቲያኑ ዘንድ የተነወረ ነበር፤ መጠጣቱም የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እንግዲህ ሁለቱም ወገን የሚጠጣው ከሆነ፤ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሁለቱም ሊያውቁት ይገባል።

በቡና ውስጥ ያለው የሚያነቃው ነገር ካፌይን ይባላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1819 ዓመት ሩንጌ የተባለ የጀርመን ሊቅ ከቡና ፍሬ ለይቶ አወጣው። ይኸው ካፌይን በሻይ ቅጠልም ውስጥ ይገኛል። ሰው በሚሠራበትና በሚያስብበት ጊዜ አዴኖሲን የሚባል ነገር በአንጎሉ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይከማቻል፤ እርሱም ወደ ተዘጋጀለት ስፍራ ሲገባ ድካምንና እንቅልፍን ያመጣል። ካፌይን ግን ቀድሞ በዚያ ስፍራ ስለሚቀመጥ የድካሙ መልእክት ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ቡና ድካምን ይሰውራል እንጂ አያጠፋም፤ የሚሰጠውም ንቃት ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው።

ይህ ብድር የሚከፈልበት አንደኛው ጊዜ ሌሊት ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የገባው ካፌይን በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ በ1 ሰዓት ቡና የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ሲሆን ግማሹ ገና ከደሙ አልወጣም። በዚህ ምክንያት እንቅልፉ ይዘገያል፤ ቢተኛም እንቅልፉ አይጠልቅም። ጧት በ2 ሰዓት በቢሮው ሊገኝ የሚገባው ሹም ደክሞ ይነሣና ድካሙን ለማባረር ደግሞ ቡና ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጊዜ የጾም ቀን ነው። ሰውነት በየቀኑ ቡናን ከለመደ በኋላ ድንገት ሲከለከል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፥ መታከት፥ መነጫነጭና አሳብን አለመሰብሰብ ይጀምራል። ሁከቱም ከ2 እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። ማታ በ1 ሰዓት ቡና ጠጥቶ በማግሥቱ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን 20 ሰዓት ያለ ቡና ይቆያል። በረመዳንም የሚጾመው እስላም ከንጋት በፊት ጀምሮ ጀምበር እስክትጠልቅ ይታገሣል። ብዙ ሰውም ራሱ ሲፈልጠው ጾሙ ጎዳኝ ይላል፤ አንዳንዱም ከዚህ የተነሣ ጾሙን ይፈታል። የጎዳው ግን ጾሙ ላይሆን ይችላል፤ ልማዱ ብድሩን ሲጠይቅ ነው። ስለዚህ የንስሐ አባት ልጁ ጾም አልቻልሁም ብሎ ቢመጣ፤ ከመፍቀዱ ወይም ከመገሠጹ በፊት በቀን ስንት ሲኒ እንደሚጠጣ ቢጠይቀው መልካም ነው። መድኃኒቱም ጾም ከመግባቱ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በፊት ሲኒውን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት መቀነስ ነው። ሕመሙ የሚጸናበት ግን ወደ ሐኪም ይሂድ።

ስለ መጠኑ፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 ዓመት እንዳስታወቀው ለጤነኛ ዐዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን ጉዳት አያመጣም፤ ለነፍሰ ጡር ግን እስከ 200 ሚሊግራም ብቻ ነው። በእርጉዝ ሴት ሰውነት ካፌይን ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ወደ ፅንሱም ስለሚያልፍ ነው። በእኛ ሥርዐት ደግሞ አቦሉ ከቶናውና ከበረካው ስለሚጠነክር፤ ነፍሰ ጡር አቦሉን ብታሳልፍ ይሻላታል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደም የሚሠራውን ብረት ከእህል እንዳናገኝ ስለሚከለክል፤ ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል መታገሥ ይገባል።

በይፋት ንቃትን የሚሰጥ ተክል መፈለግ አዲስ ነገር አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው የደማስቆው ጸሐፊ አል ዑመሪ፤ የይፋት ሰዎች ጫትን እንቅልፍ ለማባረር እንደሚበሉት ጽፏል። ጫት ካፌይን የለበትም፤ የሚያነቃው ካቲኖን የሚባል ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን ሁለቱም ልብን የሚያፋጥኑ ስለ ሆኑ፤ ጫት ቅሞ በላዩ ቡና የሚደጋግም ሰው፤ ይልቁንም የደም ግፊት ያለበት፤ በልቡ ላይ ሸክም ይደርባል። በቆላው ሐሩር የሚሠራ ገበሬም ትንሿ ሲኒ የውሃን ስፍራ እንደማትተካ ማወቅ አለበት።

ይህን ስንል ቡና ይቅር ማለታችን አይደለም። ጎረቤት የሚታረቅበትና ኀዘንተኛ የሚጽናናበት መጠጥ ነውና ክብሩ አይቀነስም። ዳሩ ግን ብድር መልካም የሚሆነው ተበዳሪው የሚከፍልበትን ቀን ሲያውቅ ነው። ስለዚህ በጧት ቢጠጡት፥ በምሽት ቢተዉት፥ ጾምም ሲቀርብ ቢቀንሱት ቡና ለሰው አገልጋይ ይሆናል እንጂ ጌታው አይሆንም።