ያውቁ ኖሯል? ጀጎል ውስጥ የተቀመጠው ታላቅ ልብ ወለድ

የዙፋን ሽኩቻ፣ የተከበበ ግንብ፣ የተማረከ ልዑል… ወፋፍራሞቹ የፈረንጅ የፋንታሲ ልብ ወለዶች አንባቢን ሌሊት የሚያስመሹት በእነዚህ ነው። ሐረር ግን ሁሉንም በእውን አይታለች። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

★ በ1520 ሱልጣን አቡበከር ኢብን ሙሐመድ መናገሻቸውን ከደከር ወደ ሐረር አዛወሩ። ብዙም ሳይቆይ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ገደሏቸውና ወንድማቸውን ዑመር ዲንን አነገሡ። ዙፋኑ የሱልጣኑ፣ ሥልጣኑ የኢማሙ ሆነ።

★ የኢማሙን ዘመቻ በዐረብኛ የጻፈው ሺሀብ አል-ዲን ነው፤ ብዙዎች ዐረብ ፈቂህ ይሉታል። እጃችን ላይ ያለው መጽሐፍ ኢማሙ ከመሞታቸው በፊት ያበቃል። ቀጣዩ ክፍል እስከ ዛሬ አልተገኘም።

★ የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ የዘይላው ገዥ የኢማም ማሕፉዝ ልጅ ነበሩ። ባላቸውን ተከትለው ዘመቱ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም በዘመቻው መንገድ ላይ ወለዱ።

★ በ1543 ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ሲወድቁ ልጃቸው ሙሐመድ በዐፄ ገላውዴዎስ ወገን ተማረከ። የዐፄው ወንድም ሚናስ ደግሞ በኢማሙ ወገን ተማርኮ ነበር። ሁለት እናቶች፣ ሁለት ምርኮኛ ልጆች! በባቲ ድል ወንበራ ጥረት ልጆቹ ተለዋወጡ፤ ሚናስም ኋላ ዐፄ ሆነው ነገሡ።

★ ባቲ ድል ወንበራ የባላቸውን ደም የሚመልስን እንጂ ሌላ እንደማያገቡ ቃል ገቡ። የኢማሙ የእህት ልጅ አሚር ኑር አገቧቸው፤ በ1559 በፈጠጋር ጦርነት ዐፄ ገላውዴዎስ ወደቁ። ዕለቱ ስቅለት ነበር። በዚያው ዘመቻ የዐፄው ሹም ሐመልማል ሐረር ገብተው ሱልጣን በረካት ተገደሉ። ሐዘኑ በሁለቱም ቤት ገባ።

★ ከ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» በስተጀርባ ያለው ደራሲ ጆርጅ ማርቲን የልብ ወለዱን የበረዶ ግንብ ያሰበው በእንግሊዝ የሐድሪያንን ግንብ ቆሞ ካየ በኋላ ነው። ሐረርም የራሷ ግንብ አላት፤ ጀጎል የሚባለውን ይህን ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። 48 ሄክታር በሚሆነው ቅጥር ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ሲሆኑ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። ግንቡ ከሥሩ ጅብ በሌሊት የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም አሉት።

★ የፋንታሲ ደራሲያን ለዓለማቸው ቋንቋ ይፈጥራሉ። ሐረር የራሷ አላት። ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ ቋንቋቸው «ጌይ ሲናን» ነው፤ የከተማ ቋንቋ ማለት ነው።

★ የሐረሪ ቤት ሲገቡ ጫማዎን ደጃፍ ላይ ያወልቃሉ። ፊት ለፊት «ነደባ» የሚባለው ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል መደብ አለ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤተኛው ሁሉ ያውቀዋል። መደቡና ወለሉ ቀይ ነው። ቅላቱ በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ የወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። እግርዎ ያረፈው ታሪክ ላይ ነው።

★ ከሐረሪ ክልል ወረዳዎች አንዱ ዛሬም «አሚር ኑር» ይባላል። ሌላው ከከተማው ውጭ ያለው ድሬ ጠያራ ነው። ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ፣ ጠያራ በዐረብኛ አውሮፕላን ነው። የአንድ ክልል የወረዳ ስም ብቻ ከአሚር ዘመን እስከ አውሮፕላን ዘመን ያደርሳል።

ፈረንጅ ከድንጋይ ግንብ የበረዶ ግንብ ፈጥሮ ዓለምን አስነበበ። የእኛ ደራሲያን ግን ደም የተመለሰባት፣ ምርኮኛ ልጅ ለእናቱ የተመለሰባት ከተማ አለችን። የባላቸውን ሞት ለመበቀል የማሉትም፣ ልጃቸውን ለማስፈታት የተደራደሩትም አንዲት ሴት ናቸው። ልብ ወለዱ ከባቲ ድል ወንበራ ቢጀምር ምን ይጎድለዋል?