ሞል የሚባለው ነገርና የለምለም ፓኬት

ኮሌጅ ገብተው የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኮርስ ከጀመሩ ወንድሞችና እህቶች ጋር ስናወራ አንድ ቃል ደጋግመን እንሰማለን፤ ሞል። አቶም ምን እንደሆነ ይገባቸዋል፤ ፔሪዮዲክ ሰንጠረዡንም እንደምንም ይለምዱታል። ሞል ላይ ሲደርሱ ግን ደብተሩ ይዘጋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትምህርት አብዛኛው በሞል የሚሰላ መሆኑ ነው። ነርስ፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ወይም ፋርማሲስት ልሁን ያለ ሰው እዚህች ላይ ከቆመ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። በካምፕ ኑሮ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የዛሬውን ገጻችንን ለሞል ሰጥተነዋል።

መጀመሪያ ፍርሃቱ ይውጣ። ሞል ቁጥር ነው። ደርዘን 12 እንደሆነ ሁሉ ሞል ወደ 602,200,000,000,000,000,000,000 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ትክክለኛው ቁጥር በዓለም አቀፍ ስምምነት ተቆርጦ ተወስኗል። ይሄን ሁሉ ዜሮ ምን አመጣው? አቶም እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነው። ማን ቁጭ ብሎ ይቆጥረዋል ካላችሁ፣ ማንም አይቆጥረውም፤ ይመዘናል እንጂ።

ራሽን የሚያድለው ሰው ቦሎቄ አይቆጥርም አይደል? እስቲ 100 ፍሬ ቦሎቄ 50 ግራም፣ 100 ፍሬ ምስር ደግሞ 5 ግራም ይመዝናል እንበል። ለእያንዳንዱ ቦሎቄ አንድ ምስር የሚፈልግ ሰው ለ10 ኪሎ ቦሎቄ 1 ኪሎ ምስር ይመዝናል። አንድም ፍሬ ሳይቆጥር ቁጥሩ እኩል መጣለት። መምህሩ «ግራሙን ለሞል ክብደቱ አካፍሉ» ሲሉ የሚያሠሯችሁ ይህንኑ ነው። አንድ ሞል ውሃ 18 ግራም፣ አንድ ሞል የወጥ ጨው 58.5 ግራም፣ አንድ ሞል ግሉኮስ 180 ግራም ነው። ሚዛን ላይ ይለያያሉ፣ በቁጥር ግን አንድ ናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ከክሊኒክ የሚሰጠንን ፓኬት፣ አገር ቤት «ለምለም» የምንለውን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ባጸደቁት ቀመር መሠረት ለአንድ ሊትር ውሃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ (ጨው ማለት ነው)፣ 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬትና 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ አለው። ግሉኮሱ ከጨው አምስት እጥፍ ይበልጣል፤ በግራም ያየ ሰው ስኳር የበዛበት ይመስለዋል።

በሞል ስናየው ሌላ ነው። ግሉኮሱ 13.5 ለ180 ሲካፈል 0.075 ሞል፣ ማለትም 75 ሚሊሞል ይሆናል። ጨው 2.6 ለ58.5 ሲካፈል 44 ሚሊሞል ገደማ ሶዲየም ይሰጣል። ሲትሬቱ 2.9 ለ294 ሲካፈል 10 ሚሊሞል ገደማ ሲሆን እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሶዲየም ስለያዘ 30 ይጨመራል። ድምሩ 74 መጣ፤ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው 75 ነው፣ ልዩነቷ ከማጠጋጋት የመጣች ናት። እንግዲህ ሶዲየሙና ግሉኮሱ እኩል ሆኑ! በአጋጣሚ አይደለም። በአንጀታችን ግድግዳ ላይ ሶዲየምንና ግሉኮስን አብሮ የሚያስገባ በር አለ፤ እነሱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ሮበርት ክሬን የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ይህንን ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር።

ይህ መፍትሔ በብዙ ሕዝብ ላይ የተፈተነው ደግሞ እንደኛው ስደተኞች በነበሩ ሰዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ምክንያት ወደ ሕንድ የተሰደደው ሕዝብ ባንጋዮን በተባለ ቦታ በኮሌራ ሲያልቅ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አልበቃ አለ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨው፣ ግሉኮስና ቤኪንግ ሶዳ በሚዛን አስቀላቅለው በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ፤ ያጠጡ የነበሩትም በአብዛኛው የበሽተኞቹ ቤተሰቦች ናቸው። ቀድሞ ከመቶ 30 ገደማ ይሞቱ ከነበሩት በሽተኞች ሟቾቹ ከ4 በታች ወረዱ። ዶክተሩ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ኮርሱ «ሞላሪቲ» የሚለውም ከዚሁ ፓኬት ይገኛል። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን በግማሽ ሊትር ጠርሙስ የበጠበጠች እናት 75 የነበረውን ሶዲየም 150 አደረገችው ማለት ነው። በደማችን ያለው በሊትር 140 ገደማ ስለሆነ ይሄ ለሕፃን አደገኛ ነው። ለግማሽ ሊትር የሚሆን ፓኬትም ስላለ ላዩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም ይነገር።

በእርግጥ ሁሉም ነገር በፓኬት አይማሩትም። ቢዩሬት በእጅ ሳይዙ ታይትሬሽን ተምሬአለሁ ማለት አይቻልም። በርቀት የሚማር ሰው ከመመዝገቡ በፊት የላቦራቶሪ ልምምዱ የትና መቼ እንደሚሰጥ አጥብቆ ይጠይቅ። ለንባብ ግን «ኦፕንስታክስ» የሚያወጣው የኮሌጅ ኬሚስትሪ መጽሐፍ በነጻ ይወርዳል፤ አንዱ ስልኩ ላይ ካወረደው ያለ ኔትወርክ ይነበባል። ሞል ያለው ምዕራፍ 3 ላይ ነው። እንግሊዝኛው የከበደው ካለ ሦስት አራት ሆናችሁ በአማርኛ ተከራከሩበት፣ መልሱን በእንግሊዝኛ ጻፉት። ፈተናው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነውና ሁለተኛውን አትዝለሉ።

ለዛሬ አንድ ሥራ እንተውላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ይሠራበት የነበረው የድሮው ቀመር በሊትር 20 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም ሶዲየም ክሎራይድና 2.5 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ነበረው (የባይካርቦኔቱ የሞል ክብደት 84 ነው)። ግሉኮሱ 111፣ ሶዲየሙ ደግሞ 90 ሚሊሞል አካባቢ ከወጣላችሁ ሞል ገብቷችኋል።