የሲኤንሲ ማሽን ሞተር ሲግል መጨነቅ ያለብን መቼ ነው?

ማሽኑ ሥራ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ሞልቶታል። በኮምፒውተር የተሰጠውን ንድፍ ተከትሎ ጣውላውን መስመር በመስመር ሲፈለፍል ቆይቶ ድንገት በጥቂት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ይልና፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ንድፍ ሁሉ ከቦታው ውጭ መቅረጹን ይቀጥላል። የማስጠንቀቂያ ድምፅ የለም፤ የስህተት መልዕክትም የለም። ባለቤቱ ደንግጦ ሞተሩን ሲነካው እጅ ያቃጥላል። “ሞተሩ ተበላሽቷል” ብሎ ይደመድምና አዲስ ሊያስመጣ ይነሳል።

ጥርጣሬው ምክንያታዊ ቢመስልም ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። የጋለው ሞተር ምናልባት ሙሉ ጤነኛ ነው፤ ሥራውን ያበላሸው በሳጥን ውስጥ የተቀመጠውና ስፋቱ ከጣት ጥፍር የማይበልጠው የድራይቨር ቺፕ ሊሆን ይችላል።

ሲኤንሲ የሚባሉት፣ መቁረጫቸውን በኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚያንቀሳቅሱ ማሽኖች፣ ከትልልቅ ፋብሪካዎች ወጥተው በመኖሪያ ቤቶች፣ በእንጨት ሥራ ቤቶችና በተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ መታየት ከጀመሩ ሰንብተዋል። በእነዚህ አነስተኛ ማሽኖች ላይ እንቅስቃሴውን የሚያከናውኑት በአብዛኛው ስቴፐር ሞተሮች ናቸው። ለእያንዳንዱ ሞተር ኤሌክትሪኩን መጥኖ የሚያቀርበው ክፍል ደግሞ ድራይቨር ይባላል። ሁለቱም ይሞቃሉ፤ ሙቀቱን የሚሸከሙበት አቅምና ሲበዛባቸው የሚያሳዩት ጠባይ ግን እጅግ የተለያየ ነው።

ቆሞም የሚግል ሞተር

እንደ ግራይንደር ወይም እንደ ውኃ ፓምፕ ያለ ሞተር ሥራ ሲበዛበት ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ሲቀልለት ይቀንሳል። የስቴፐር ሞተር ጠባይ ከዚህ ይለያል። አንዱን ሙሉ ዙር አብዛኛውን ጊዜ በ200 እኩል እርምጃዎች ከፋፍሎ የሚዞር ሲሆን፣ በአንዱ እርምጃ ላይ ረግቶ ለመቆም በውስጡ ባሉት የመዳብ ጥቅሎች ከረንት ያለማቋረጥ ማለፍ ይኖርበታል። በመሆኑም ማሽኑ አንዲት ቅንጣት እንጨት ሳይቆርጥ፣ ሞተሩ ፀጥ ብሎ በቆመበት፣ ድራይቨሩ ከረንት መላኩን አያቋርጥም። በዚያን ጊዜ የሚከናወን ሥራ ስለሌለ ወደ ሞተሩ የሚገባው ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይቻላል። በእያንዳንዱ ጥቅል 2.8 አምፒር እንዲያልፍበት የተሠራና የጥቅሉ ሬዚስታንስ 1 ኦም የሆነ ሞተር እንውሰድ። በመዳቡ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት፣ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ ውጤቱ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ይህም በአንዱ ጥቅል 7.8 ዋት፣ ሁለቱም ጥቅሎች ሙሉ ከረንት ሲያገኙ ደግሞ 15.7 ዋት ገደማ ይሆናል። ከጡጫ የማይበልጥ ብረት ይህን ያህል ሙቀት ለሰዓታት ሲቀበል ቢግል አያስገርምም። መዳቡ በሞቀ ቁጥር ሬዚስታንሱም ይጨምራል፤ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ በ30 በመቶ ያህል ስለሚያድግ ሙቀቱ ራሱን በራሱ ያባብሳል።

ከዚህ ስሌት የሚገኘው ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ከረንቱን በ30 በመቶ መቀነስ ሙቀቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል፤ የሞተሩ የመጠምዘዝ ጉልበት የሚቀንሰው ግን በ30 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከረንቱ በግማሽ ሲቀነስ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፋን ገዝቶ ከመትከል አስቀድሞ የከረንቱን ማስተካከያ መመልከት የሚበጀው ለዚህ ነው።

እጅ ጥሩ መለኪያ አይደለም

ለእነዚህ ሞተሮች የተለመደው የሽቦ ሽፋን “ክላስ ቢ” የሚባለው ሲሆን እስከ 130 ዲግሪ እንዲቋቋም የተሠራ ነው። አምራቾችም ሞተሩ ከአካባቢው አየር በ80 ዲግሪ ያህል በላይ ሊሞቅ እንደሚችል በመረጃ ሰነዶቻቸው ላይ አዘውትረው ይጽፋሉ። የሰው ቆዳ ግን 60 ዲግሪ በደረሰ ብረት ላይ ጥቂት ሰከንድ ከቆየ ሊጎዳ ይችላል። 70 ዲግሪ የሚያሳይ ሞተር ለእጃችን እሳት ቢሆንም ለራሱ የተለመደ የሥራ ሁኔታ ነው።

ይህ ሲባል ግን 70 ዲግሪ ለማሽኑ ክፍሎች ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። በስሪዲ ፕሪንተር ከፒኤልኤ ፕላስቲክ የተሠራ የሞተር መያዣ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ ብሎኖቹ ይላላሉ፣ ቺንጋውም ይረግባል። ልኬትም ይዛባል። 300 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው አልሙኒየም 20 ዲግሪ ሲጨምር 0.14 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ለበር ጌጥ ይህ ምንም አይደለም፤ ተገጣጣሚ ክፍል ለሚሠራ ሰው ግን ብዙ ነው።

የአካባቢው የአየር ጠባይም በስሌቱ ውስጥ ይገባል። በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 80 ዲግሪ የጨመረ ሞተር 100 ላይ ይቆማል። በጂቡቲ ወይም በበርበራ በበጋው ወራት የውጭው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ያው ሞተር 120ን አልፎ ወደ ሽፋኑ ወሰን ይጠጋል።

ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ከዚህ ስጋት ነፃ እንደሆነ ሊያስብ ይችላል፤ ነገሩ ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው። አዲስ አበባና አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። አየሩ ቢቀዘቅዝም ሳሳ ያለ በመሆኑ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለሚሽከረከሩ የኤሌክትሪክ ማሽኖች ያወጣው መስፈርት መነሻ የሚያደርገው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታንና እስከ 40 ዲግሪ የአካባቢ ሙቀትን ነው። የቀጣናው ደጋ የመጀመሪያውን፣ ቆላው ደግሞ ሁለተኛውን ወሰን ያልፋል።

እውነተኛው አደጋ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው

በአነስተኛ ማሽኖች ላይ በብዛት ከሚገኙት ድራይቨሮች አንዱ ኤ4988 የተባለው ነው። በሰነዱ ላይ 2 አምፒር የሚል ቁጥር ስለሚነበብ ብዙዎች 2 አምፒር ሊጭኑበት ይሞክራሉ። ያለ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ግን በተግባር የሚችለው 1 አምፒር አካባቢ ነው። የቺፑ ውስጣዊ ሙቀት 165 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ለሞተሩ የሚልከውን ኤሌክትሪክ ያቋርጣል፤ 15 ዲግሪ ያህል ሲበርድ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል።

በዚያች ቅጽበት ሞተሩ የያዘውን ይለቃል። ሥራውን የሚመራው ኮምፒውተር ግን ይህን አያውቅም። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ሞተሩ የት እንዳለ ለኮምፒውተሩ መልሶ የሚነግር መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ኮምፒውተሩ እርምጃዎቹን ይልካል፣ እንደተፈጸሙም ይቆጥራል። በመግቢያው ላይ ያየነው ጣውላ የተበላሸው እንዲህ ነው። የተቋረጠው ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ከሆነ ደግሞ መቁረጫው በክብደቱ ወርዶ ዕቃው ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል።

የሙቀት ጥፋትን ከሌላው መለየት ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ሥራው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደህና ሆኖ ቆይቶ ዘግይቶ የሚሳሳት፣ አርፎ ሲነሳም እንደገና ለጊዜው የሚስተካከል ማሽን ድራይቨሩ ሊመረመር ይገባዋል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ወይም በፈጣን እንቅስቃሴ ላይ ብቻ የሚስት ከሆነ ግን የላላ ቺንጋ፣ የጠበቀ ኩሽኔታ ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ፍጥነት መፈለግ ይሻላል።

በኤ4988 ላይ የከረንቱ መጠን የሚስተካከለው ሰሌዳው ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ በመጠኑ በማዞርና ቮልቴጁን በቴስተር በማንበብ ነው። የሚፈለገው ቮልቴጅ 8 ጊዜ ከረንቱ፣ ጊዜ በሰሌዳው ላይ ያለችው የመለኪያ ሬዚስተር ዋጋ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሬዚስተሯ 0.1 ኦም ከሆነች 0.8 ቮልት 1 አምፒር ማለት ነው፤ 0.05 ኦም ከሆነች ግን ያው 0.8 ቮልት 2 አምፒር ይሆናል። ከሌላ ሰው የተቀዳ ቁጥር ሙቀቱን ሳያስቡት አራት እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ሬዚስተሯ ላይ የታተመውን በማጉያ መነጽር ማንበብ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ብሎኗ በሚዞርበት ጊዜ የሞተሩን ገመድ መንቀል ግን አይገባም፤ ኤሌክትሪክ እያለ የሚነቀል ገመድ ድራይቨሩን በቅጽበት ሊገድለው ይችላል።

የፋኑ አቀማመጥም ልብ ሊባል ይገባል። በቺፑ ጀርባ ላይ የምትለጠፈው ክንፋም አልሙኒየም ትረዳለች፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ሙቀት የሚወጣው በቺፑ ሆድ በኩል ወደ ሰሌዳው መዳብ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ሰሌዳውን በጎንና በሥር እየዳሰሰ እንዲያልፍ ማድረግ ይበልጥ ይጠቅማል። የእንጨት ብናኝ በሚበዛበት ቤት የአየር መግቢያው ወንፊት ካልተደረገለትና ካልጸዳ፣ ፋኑ ራሱ ሳጥኑን በብናኝ ይሞላዋል።

ከፍ ያለ አቅም ያላቸውና በራሳቸው የብረት ሳጥን የሚመጡት ድራይቨሮች፣ ለምሳሌ ዲኤም542፣ ሞተሩ ሲቆም ከረንቱን ወደ ግማሽ ገደማ የሚያወርድ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። ለአብዛኛው ሥራ ይህን መጠቀም ተገቢ ነው። ኤ4988 ግን ይህ የለውም። በተቆጣጣሪው ሶፍትዌር ሞተሮቹ ሲቆሙ ፈጽሞ እንዲጠፉ ማድረግ ቢቻልም፣ ያን ጊዜ ማሽኑ ቦታውን ሊስት ስለሚችል ሥራ መሐል ላይ አይመከርም።

ሞተሩን ወፍራም የአልሙኒየም ላሜራ ላይ አጥብቆ ማሰርም ሙቀቱን ወደ ማሽኑ አካል ያሰራጫል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ማሽኑን አንድ ሰዓት ያህል አሠርቶ መለካት ያስፈልጋል፤ የሞተር ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ የአሥር ደቂቃ ልኬት ያታልላል። በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ስለሚያሳይ፣ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር በሞተሩ ጎን ላይ ለጥፎ እርሱ ላይ መለካት ይሻላል።