የዓለማችን ትንሿ ወፍ

ሁለት ግራም ያህል ብቻ የምትመዝን ወፍ አለች ብንላችሁ ታምናላችሁን? «ንብ ሐሚንግበርድ» የምትባለው ይህች ፍጡር የምትገኘው በኩባ ብቻ ነው፤ መኖሪያዋም ደንና የደን ዳርቻ ነው። ከመንቁሯ እስከ ጅራቷ ቢለካ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። በመራቢያ ወራት የወንዱ ራስና ጉሮሮ እንደ ፍም ቀልቶ ያበራል፤ ጀርባው ሰማያዊ ነው። ሴቷ ግን ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ነጣ ያለች ናት።

ምግቧ የአበባ ወለላና ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ክንፎቿን በፍጥነት እያርገበገበች አየር ላይ ባለችበት ቆማ ረጅም ምላሷን ወደ አበባው ትሰዳለች። ስትቀስምም የአበባ ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ታደርሳለች። ደኑ ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር ታዲያ ጉዳቱ የጋራ ነው፤ አበባው ሲጠፋ ወፏ ትራባለች፤ ወፏ ስትጠፋ አበባው አገልጋዩን ያጣል። ስለዚህ ትንሽ ነው ብለን ፍጡርን አንናቅ።