ስምን መሰወር ሰውን መሰወር አይደለም፦ የሙያ ምስጢርና የባለጉዳይ አደራ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬውን ንግግሬን ከሕግ አንቀጽ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ብጀምር ይሻላል። ማስተማር በጀመርሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ጎን ለጎን የጥብቅና ሥራ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ስለ ውርስ ሳስተምር፣ ትምህርቱ ሕይወት ይኑረው ብዬ፣ ቢሮዬ መጥተው ያማከሩኝን የአንዲት እናት ጉዳይ እንደ ምሳሌ አነሣሁ። ስማቸውን አልጠራሁም፤ የሚኖሩበትንም ከተማ አልተናገርሁም። ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሾፌር እንደ ነበሩ፣ በፋሲካ ዋዜማ በመንገድ አደጋ እንዳረፉ፣ ከዚያ በኋላ ከሌላ ሴት የተወለደ ልጅ ድርሻውን ሊጠይቅ እንደ መጣ፣ እናቲቱም ነገሩን ልጆቻቸው ሳይሰሙ በሽምግልና መጨረስ እንደሚሹ ብቻ ተናገርሁ። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ አንድ ተማሪ ቀረብ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ ያነሷቸው ሴት አክስቴ ናቸው። ስለ ልጁ ግን እኛ ቤት የሚያውቅ አልነበረም» አለኝ።

ያን ቀን ክፋት አልነበረብኝም። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገውም ይህንኑ ነው፤ የሙያ ምስጢር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በክፉ ሰው እጅ ሳይሆን፣ ደግ በሚያስብና ምንም ጉዳት የለውም ብሎ በሚያምን ባለሙያ አንደበት ነው።

ምስጢሩ የማን ነው?

የሙያ ምስጢር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሚያሳፍር ነገርን ብቻ ነው። ትርጉሙ ግን ከዚያ ይሰፋል። ባለሙያው ያን ሙያ ባይዝ ኖሮ ሊያውቀው የማይችለው የባለጉዳይ ነገር ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። ሰውየው ወደ ቢሮው መምጣቱ ራሱ ምስጢር ነው። አንዲት ሴት ከጠበቃ ደጅ ስትወጣ ታየች መባሉ፣ ምን እንደ ተናገረች ባይታወቅም እንኳ፣ ማታ ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃትን ሊለውጥ ይችላል።

ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ ሁለት ጥሩ ቃላት አሉት። አንደኛው «ገመና» ነው፤ ሰው በጓዳው ይዞት የሚኖረው፣ ሲገለጥበት የሚያቆስለው። ሁለተኛው «አደራ» ነው። አደራ ተቀባይ ዕቃውን ይጠብቃል እንጂ አያዝበትም፤ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የተባለውም ስለዚህ ነው። ባለጉዳይ ገመናውን ለሐኪም፣ ለጠበቃ፣ ለአማካሪ ሲነግር የሚሰጠው አደራ ነው። ስለዚህ «ብናገረው ምን ይጎዳል?» ብሎ የመወሰን ሥልጣን የባለሙያው አይደለም። ባለቤቱ ሌላ ነው።

ሕጉና ከሕጉ ጀርባ ያለው ምክንያት

ይህ ግዴታ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በጥንታዊው የግሪክ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው መሐላ ሐኪሙ በሕክምና ላይ ሳለ ያየውንና የሰማውን እንዲሸሽግ ያዝዛል። በአገራችንም የንስሐ አባት የሰማውን ይዞ ወደ መቃብር እንደሚወርድ ያልተማረውም ሁሉ ያውቃል። በዘመናዊው ሕጋችን ደግሞ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን ማውጣት ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል።

ሕጉ ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ስለ ባለጉዳዩ ክብር ብቻ ብሎ አይደለም። ያለ ምስጢር ጥበቃ ሙያው ራሱ ሥራውን መሥራት አይችልም። ታማሚው ካልተማመነ ሕመሙን ከፍሎ ይናገራል፤ ሐኪሙም በግማሽ እውነት ላይ መድኃኒት ያዝዛል። ባለጉዳዩ ከፈራ የሚጎዳውን ሰነድ ከጠበቃው ይደብቃል፤ ጠበቃውም ሰነዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በችሎት ፊት፣ በተቃራኒ ወገን እጅ ይሆናል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖቻችን፣ በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ እያለ፣ የሚያውቃቸው እንዳያይ ወደ ሩቅ ከተማ ሲመላለሱ አይተናል። የትራንስፖርት ገንዘብ ባጡ ወር መድኃኒቱ ይቋረጣል። በመዝገብ ቤት የተነገረች አንዲት ቃል እስከዚህ ድረስ ትጓዛለች።

ምስጢር በየት በኩል ይወጣል?

የሚወጣባቸው በሮች የዕለት ተዕለት ናቸው። ካርድ ክፍል ውስጥ ስምና የሕክምና ክፍል ባንድነት ጮክ ተብሎ ይጠራል። ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ሌላ ባለጉዳይ ይገባል። ሁለት ባለሙያዎች በታክሲ ወረፋ ላይ ስለ «ዛሬዋ ሴትዮ» ይጨዋወታሉ። ምክር ለመጠየቅ ተብሎ የታማሚ ፎቶግራፍ ወደ ቴሌግራም ቡድን ይላካል፤ ፊቱ ቢሸፈንም ጠባሳው፣ የአልጋው ቁጥርና ቀኑ ይናገራሉ። እኔ የሾፌሩን ሥራና የፋሲካን ዋዜማ ስናገር ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ሰውን የሚያሳውቀው ስሙ ብቻ አይደለም፤ የኑሮው ዝርዝር ሁሉ በአንድ ላይ ሲሆን ስም ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቤተሰብ በር ነው። በእኛ ባህል ከባድ ሕመም ሲገኝ ለአስታማሚው ይነገራል፤ ታማሚው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ሰሚ ነው። ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ መርዶን ቀስ ብሎ፣ በሰው መሐል የማርዳት ልማዳችን ወደ ሕክምናው ክፍል መግባቱ ነው። ነገር ግን መርዶ የሚነገረው ስለ ሌላ ሰው ሞት ነው፤ ሕመሙ ግን የራሱ የታማሚው ነው። መፍትሔው ቤተሰቡን ማባረር አይደለም፤ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ታማሚውን ለብቻው፣ «ውጤቱን ከእርስዎ ሌላ ለማን እንድነግር ይፈቅዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንዲት ጥያቄ ባህሉንም መብቱንም ታስታርቃለች።

ዝምታ የሚያበቃበት ቦታ

ምስጢር ጠባቂነት ወሰን የሌለው ግዴታ አይደለም። ባለቤቱ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝዝ ወይም ሕግ በግልጽ ሲያስገድድ ባለሙያው ይናገራል። አስቸጋሪው ጥያቄ የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ ታካሚ አንዲትን ወጣት ለመግደል ማሰቡን ለሥነ ልቦና ባለሙያው ነገረ። ባለሙያው ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አሳወቀ፤ ፖሊሶቹም ሰውየውን ጥቂት አቆይተው ለቀቁት። ወጣቷን ግን ማንም አላስጠነቀቃትም፤ ተገደለች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 የታራሶፍ ጉዳይ ተብሎ በሚታወቀው ውሳኔ፣ ባለሙያው አደጋ የተደቀነበትን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት አለ። በሐሳብ የተለዩት ዳኛም ከባድ ነጥብ አንሥተዋል፦ ታካሚዎች ይህን ካወቁ ሐሳባቸውን መናገር ያቆማሉ፤ አደጋውም አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ ይጠፋል። ውሳኔው እኛን ባያስገድደንም ክርክሩ የእኛም ነው። ከዚህ የምወስደው ትምህርት፣ መናገር ግድ በሆነበት ጊዜ እንኳ የሚነገረው ማወቅ ለሚገባው ሰው፣ አደጋውን ለመከላከል በሚበቃ መጠን ብቻ መሆኑን ነው። አጥሩ አንድ ቦታ ተከፈተ ማለት ፈረሰ ማለት አይደለም።

ወደ ጀመርሁበት ልመለስ። ተማሪውን ይቅርታ ጠየቅሁት። ወደ አክስቱም ራሴ ሄጄ የሆነውን ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ሰነዶቻቸውን እንድመልስላቸው ብቻ ጠየቁኝ። መለስሁላቸው። ከዚያ ወዲህ የእውነተኛ ባለጉዳይ ታሪክ ለክፍል ምሳሌ አድርጌ አላውቅም፤ ምሳሌ ስፈልግ ከራሴ አእምሮ እፈጥራለሁ፣ አለዚያም በይፋ የታተመ ውሳኔ እወስዳለሁ።

እናንተ ነገ በየሙያችሁ ስትሰማሩ፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ባለቤቱ ፈቅዷል? ሰሚው ይህን ማወቅ ለሥራው ያስፈልገዋል? ባለጉዳዩ አሁን አጠገቤ ቆሞ ቢሰማኝ ይህንኑ እናገር ነበር? ከሦስቱ የመጨረሻው እኔን ያድነኝ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሕግ የሚደርሰው ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከመውጣቱ በፊት ያለው ጠባቂ እናንተው ናችሁ።