የታንኳ ስላሎም ምንድን ነው? የኢትዮጵያ ወንዞችስ ለስፖርቱ ይመቻሉን?

ሐዋሳ፡- የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃን የመሳሰሉ ገባር ወንዞች ቢኖሩትም መውጫ የለውም። በመሆኑም በሐይቁ ላይ የሚመላለሱት የዓሣ አጥማጆችና የጎብኚዎች ጀልባዎች የሚቀዝፉት በረጋ ውሃ ላይ ነው። በአንጻሩ ከሲዳማና ከባሌ ደጋማ ስፍራዎች የሚነሳው ገናሌ እንዲሁም አባይ፣ ኦሞና ተከዜ ቁልቁል እየተምዘገዘጉ፣ ከአለት ጋር እየተላተሙና አረፋ እየደፈቁ ይወርዳሉ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የታንኳ ስላሎም ተብሎ የሚታወቀው የኦሊምፒክ ስፖርት የሚካሄደው እንዲህ ባለው ወራጅ ውሃ ላይ ነው።

በስላሎም ውድድር ተፎካካሪው በፈጣን ውሃ ላይ ከተንጠለጠሉ ከ18 እስከ 25 ከሚደርሱ በሮች መካከል እያለፈ በአጭር ጊዜ ወደ መጨረሻው መስመር ለመድረስ ይጥራል። እያንዳንዱ በር ከላይ በገመድ በተሰቀሉ ዘንጎች የሚሠራ ሲሆን፤ አረንጓዴዎቹ ከውሃው ፍሰት ጋር፣ ቀዮቹ ደግሞ ፍሰቱን በመቃወም ሽቅብ የሚታለፉ ናቸው።

የውድድሩ ውጤት በፍጥነት ብቻ አይወሰንም። ቀዛፊው በአካሉ፣ በጀልባው ወይም በመቅዘፊያው ዘንጉን ቢነካ 2 ሰከንድ፣ በሩን ቢስት ደግሞ 50 ሰከንድ ይጨመርበታል። ለምሳሌ አንድ ቀዛፊ በ95 ሰከንድ ጨርሶ ሁለት ዘንግ ቢነካ ውጤቱ 99 ሰከንድ ይሆናል። አንድም ዘንግ ሳይነካ በ98 ሰከንድ የገባው ተፎካካሪ ይቀድመዋል ማለት ነው። አንድ በር የሳተ ደግሞ አሸናፊ የመሆን ተስፋው ያከትማል።

ስፖርቱ በሁለት ዓይነት ጀልባዎች ይካሄዳል። በካያክ ተወዳዳሪው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ በሁለቱም ጫፍ ሰፊ በሆነ መቅዘፊያ ይቀዝፋል። በካኑ ደግሞ ተንበርክኮ ባለአንድ ጫፍ መቅዘፊያ ይጠቀማል። የጀልባዎቹ ርዝመት ከ3 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። የራስ ቁርና በውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያም ግዴታ ናቸው።

የቀዛፊው ዋነኛ ችሎታ ውሃውን ማንበብ ነው። ወራጅ ውሃ ከአለት ጋር ሲጋጭ ከአለቱ ጀርባ ወደኋላ የሚመለስ ፍሰት ይፈጠራል። ልምድ ያለው ቀዛፊ ወደዚህ ፍሰት በመግባት ጀልባውን በአንድ ምት አዙሮ ሽቅብ የሚታለፈውን በር ያልፋል። ልምድ የሌለው ግን በዚያው ቦታ ይገለበጣል። የስላሎም ቀዛፊ ከሁሉ አስቀድሞ ዋናን፣ ቀጥሎም የተገለበጠ ጀልባን በመቅዘፊያ መልሶ ማቃናትን የሚማረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በስዊዘርላንድ የተጀመረ ሲሆን፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1949 በጄኔቫ ተካሂዷል። በኦሊምፒክ መድረክ የታየው እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ሲሆን፤ ውድድሩ የተደረገው በአውግስቡርግ ከተማ በተሠራ ሰው ሠራሽ ቦይ ላይ ነበር። ምሥራቅ ጀርመን የቦዩን አምሳያ በአገሯ ሠርታ ቀዛፊዎቿን በማለማመድ አራቱንም የወርቅ ሜዳሊያዎች ወሰደች። ስፖርቱ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰው ከ20 ዓመታት በኋላ በባርሴሎና ነው።

በዚያው በ1972 ማይክ ጆንስ የተባለው እንግሊዛዊና ጓደኞቹ በኢትዮጵያ የአባይን ሸለቆ በካያክ ቀዝፈዋል። ከእነርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1968 በጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተመራ ቡድን በአየር በሚነፋ የጎማ ጀልባ በአባይ ላይ ተጉዞ ነበር። በዚያ ጉዞ ከአባላቱ አንዱ ሰጥሞ ሕይወቱ አልፏል። ኦሞ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ተከዜ ደግሞ በ1996 በተመሳሳይ ሁኔታ ተቀዝፈዋል። የኦሞው ቡድን በወንዙ አዞዎች ምክንያት ራሱን በጥንታዊ ግብጽ የአዞ አምላክ ስም “ሶቤክ” ብሎ ሰይሟል። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ ከአባይ መነሻ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ2004 ሜዲትራኒያን ባሕር ደርሰዋል።

እነዚህ ጉዞዎች የጀብዱና የአሰሳ እንጂ የስላሎም ውድድር አልነበሩም። የኢትዮጵያ ወንዞች ለጀብዱ የተመቹ መሆናቸው ለውድድር ይመቻሉ ማለት እንዳልሆነም መገንዘብ ይገባል። ወንዞቹ በክረምት ደፍርሰው ይሞላሉ፤ በበጋ ይጎድላሉ። ሸለቆዎቹ ጥልቅ በመሆናቸው አደጋ ቢደርስ ለነፍስ አድን ሥራ አዳጋች ናቸው። የስላሎም ውድድር ግን ለሁሉም ተፎካካሪዎች እኩል የሆነ የውሃ መጠን ይፈልጋል። ለ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የተሠራው 300 ሜትር ርዝመት ያለው ቦይ በሰከንድ 13 ሜትር ኩብ ውሃ በፓምፕ የሚለቀቅበት መሆኑ ለዚህ አብነት ነው።

ከዚህ አንጻር ግድቦች ሁለት ገጽታ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቀው የዩጋንዳው ቡጃጋሊ ግድብ በቀዛፊዎች ዘንድ ዝነኛ የነበሩትን የናይል ፏፏቴዎች በውሃ ሸፍኗቸዋል። በኢትዮጵያም ጊቤ ሦስትና ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የኦሞንና የአባይን ሸለቆ ከፊል ወደ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ለውጠዋል። በሌላ በኩል ግድብ ውሃን መጥኖ ለመልቀቅ ያስችላል። የ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ ስላሎም የተካሄደው በኦኮዪ ወንዝ ላይ ከግድብ በተለቀቀ ውሃ ነው።

አፍሪካውያን በዚህ ስፖርት ለውጤት መብቃት እንደሚችሉ ታይቷል። ለቶጎ የተሰለፈው ቤንጃሚን ቡክፔቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በካያክ የነሐስ ሜዳሊያ ሲያገኝ፤ ሜዳሊያው ለአገሪቱ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሆኗል። ቡክፔቲ በደስታ ብዛት መቅዘፊያውን ለሁለት ሰብሯል። ይሁንና ቀዛፊው ተወልዶ ያደገውና የሠለጠነው በፈረንሳይ ነው። ውጤቱ የደም ብቻ ሳይሆን የማሠልጠኛ ስፍራና የአሠልጣኝም መሆኑን ይህ ያመለክታል።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ የአትሌቲክስ ናቸው። በሌላ በኩል አገሪቱ ለቀዘፋ እንግዳ አይደለችም። በጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ ከጥንት ጀምሮ ሰውና እህል ሲያመላልስ ኖሯል። ስላሎምን ለመጀመርም የግድ የአባይን ሸለቆ መድፈር አያሻም። የዓለም ታላላቅ ቀዛፊዎችም ሚዛን መጠበቅንና መቅዘፍን የሚለማመዱት በመጀመሪያ በረጋ ውሃ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ እንደ ሐዋሳ ያለ ሐይቅ በቂ ነው። ከሁሉ መቅደም ያለበት ግን በውሃ ዳርቻ የሚያድጉ ሕፃናትን ዋና ማስተማር ነው። ይህ ሜዳሊያ ባያስገኝ እንኳ ሕይወት ያተርፋልና።